ግንብ የሚወድቀው ድንጋዩ ደክሞ አይደለም

ከወረታ ተነስታችሁ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር ስትጓዙ፣ እንፍራንዝ አካባቢ ኮረብታ ላይ ጉብ ያለ አሮጌ ግንብ ታያላችሁ። ጉዛራ ነው። ከ1563 እስከ 1597 እ.ኤ.አ. የነገሡት አፄ ሠርፀ ድንግል እንዳሠሩት ይነገራል፤ ማለትም ጎንደር ገና ከተማ ሳትሆን። ግንቡን ያየ ሁሉ ውበቱን ያደንቃል። እኔን ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነበር። መሬት ብትንቀጠቀጥ ይህ ግንብ ይቆማል ወይስ ይወድቃል? ደግሞስ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል?

ይቻላል! እንዴት እንደሚቻል ሰሞኑን ገባኝ፤ ከገባኝ ወዲህ ለሁሉም ካልነገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ምህንድስና መማር አያስፈልጋችሁም። ሁለት የክብሪት ቀፎ፣ አንድ ትሪና አንድ ላስቲክ ካላችሁ በቂ ነው። ኑ፣ ከሥሩ እንጀምር።

መጀመሪያ “እኛ አገር ደግሞ ምን መንቀጥቀጥ አለ?” ለምትሉ። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሰውን ከፎቅ አስወርዷል። ታኅሣሥ 26 ቀን በመለኪያው 5.7፣ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6 ደርሶ ነበር። ወደ ራሳችን ክልል ስንመጣ፣ በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ አካባቢ የተነሳው ማጀቴን አፍርሷታል። ጎንደርም ቢሆን ነፃ አይደለችም፤ በ1704 እ.ኤ.አ. በደረሰ መንቀጥቀጥ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት እንደተጎዳ ይነገራል። በነገራችን ላይ የአገራችንን የመንቀጥቀጥ ታሪክ ሰብስቦ በ1979 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ያደረገው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያን የመሠረተው ፒየር ጉዋን የተባለ ካናዳዊ ነው።

የጣና ተፋሰስ ከስምጥ ሸለቆው ራቅ ይላል፤ ስለዚህ እንደ አፋር ዘወትር አይናወጥም። ግን የመሬት አጥኚዎች የሚሉትን ስሙ፦ ጣና የተኛው ሦስት የጥንት ስምጦች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። አንዱ ስምጥ ወደ ጎንደር፣ አንዱ ወደ ድንግል በር፣ አንዱ ደግሞ ወደ ደብረ ታቦር ይዘልቃል። የሩዝ ማሳችን የተዘረጋበት የፎገራ ሜዳ ራሱ ከዚህ ታሪክ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ጥያቄው የቅንጦት አይደለም።

አሁን ወደ ግንቡ እንግባ። መንቀጥቀጥ ግንብን ምን ያደርገዋል?

ግንብ አራት መቶ ዓመት ሙሉ የሚያውቀው ሸክም አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ታች የሚጫነው የራሱ ክብደት። ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ ቁልቁል ወደ መሠረቱ። መንቀጥቀጥ ሲመጣ ግን መሬቱ በድንገት ወደ ጎን ይሸሻል። የግንቡ እግር ከመሬቱ ጋር ይሄዳል፣ አናቱ ግን ባለበት መቆየት ይፈልጋል። ለግንቡ ይህ ማለት አንድ ኃይል ወደ ጎን ገፋው ማለት ነው። ያ ኃይል ከየት መጣ? ከራሱ ከግንቡ ክብደት! ከውጭ የሚገፋው ማንም የለም። ክብደቱ በበዛ ቁጥር የጎን ግፊቱም ይበዛል። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ የመንቀጥቀጥን ብርታት “የክብደቱ አንድ አስረኛ”፣ “የክብደቱ አንድ አምስተኛ” እያሉ የሚናገሩት። መሬት የምትገፋህ በራስህ ክብደት ነው፤ ይገርማል!

እዚህ ላይ አብዛኞቻችን የምናስበው “እንግዲያው ድንጋዩ ጠንካራ ከሆነ ይችለዋል” ነው። እስቲ እናስላው። አስር ሜትር ከፍታ ያለው የጥቁር ድንጋይ ግድግዳ እግሩ ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚያርፈው ክብደት ወደ 24 ቶን ገደማ ነው። ብዙ ይመስላል። ጥሩ ጥቁር ድንጋይ ግን በካሬ ሜትር አስር ሺህ ቶን ቢጫኑበትም አይደቅም። ግድግዳው በራሱ ክብደት ድንጋዩን እንዲያደቅቅ ከፈለጋችሁ ከፍታው በኪሎ ሜትር እስኪቆጠር መገንባት አለባችሁ! ዣክ ሄይማን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1966 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ግልጥልጥ አድርጎ ጻፈው። የድንጋይ ህንፃ ጉዳይ የጥንካሬ ጉዳይ አይደለም አለ፤ የቅርጽ ጉዳይ ነው። የድሮ ግንብ ሲወድቅ ድንጋዮቹን አንስታችሁ ብታዩአቸው አብዛኞቹ ደህና ናቸው። የወደቀው ድንጋዩ አይደለም፣ አቋሙ ነው።

አሁን ክብሪቱን አምጡ።

ትሪው ላይ ጨርቅ አንጥፉ፤ እንዳይንሸራተት ነው። የክብሪቱን ቀፎ በቁመቱ አቁሙት፣ ሰፊው ፊቱ ወደምታዘነብሉበት አቅጣጫ ይሁን። አሁን ትሪውን ከአንድ ጎን ቀስ እያላችሁ አንሱ። ቆየ... ቆየ... ዱብ! ወደቀ። የቀፎው ውፍረት አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ አምስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ የሚወድቀው ትሪው በየአስር ጣቱ ሦስት ጣት ከፍ ሲል ነው። አንድ ተኩልን ለአምስት ብታካፍሉ ዜሮ ነጥብ ሦስት። ከአስር ሦስት! ሁለቱ አንድ ናቸው። በሌላ አነጋገር፣ የጎን ግፊቱ የክብደቱ ሦስት አስረኛ ሲሆን ይገለበጣል። ውፍረቱን ለቁመቱ አካፍሉ፤ መልሱ ያ ነው። በቃ!

ቆይ፣ ገና ነው። አሁን ከአንዱ ቀፎ እንጨቶቹን አውጡና ባዶና ሙሉውን ጎን ለጎን አቁሟቸው። የትኛው ቀድሞ ይወድቃል? ሙሉው ይከብዳልና ይቆያል ብላችሁ ይሆናል፤ ወይም ይከብዳልና ይቀድማል። ትሪውን አንሱት። ሁለቱም እኩል! ክብደት በሁለቱም ወገን ይሠራል፤ ገፊውም እሱ፣ ያዡም እሱ፣ ስለዚህ ይጣፋል። የቀረው ቅርጽ ብቻ ነው። ጉድ በል ጎንደር ማለት ይሄኔ ነው።

አያችሁ፣ አንድ ባለሙያ ብቻውን የቆመ አሮጌ ግድግዳ ጋ ሜትር ብቻ ይዞ ሄዶ ዋናውን ነገር ሊያውቅ ይችላል። ውፍረቱ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 4 ሜትር ነው እንበል። ዜሮ ነጥብ ስምንትን ለአራት ስናካፍል ዜሮ ነጥብ ሁለት፤ ይህ ግድግዳ የክብደቱ አንድ አምስተኛ ወደ ጎን ከገፋው መነሳት ይጀምራል። ከዚያ ይህን ቁጥር አገሪቱን በዞን ከፋፍሎ በየቦታው የሚጠበቀውን ንቅናቄ ከሚያሳየው የሕንፃ ደንብ ካርታ ጋር ያስተያያል። የሚጠበቀው ከአቅሙ በታች ነው ወይስ በላይ? ግምገማ የሚባለው ነገር እምብርቱ ይህ ንጽጽር ነው።

አንድ ተጨማሪ ጉድ ላክልላችሁ። ትሪ ማዘንበልና መሬት መንቀጥቀጥ አንድ አይደሉም፤ መሬት ገፍታ ወዲያው ትመለሳለች። ጆርጅ ሃውስነር የተባለ አሜሪካዊ በ1963 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ቅርጻቸው አንድ የሆነ አንድ ትንሽና አንድ ትልቅ ነገር አንድ ዓይነት ንቅናቄ ሲያገኛቸው ትልቁ ለመገልበጥ ይበልጥ ይከብዳል። ለምን? ትልቁ መዘንበል ከጀመረ በኋላ እስኪገለበጥ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ ያ ጊዜ ሳይሞላ መሬቱ አቅጣጫ ይቀይርና ይመልሰዋል። ለዚህ ነው ቀላሉ ስሌት “አደጋ አለው” ያለው ግዙፍ ግንብ አንዳንድ ጊዜ ቆሞ የሚገኘው። ስሌቱ መነሻ ነው፤ ፍርዱ ግን ሌላም ይጨምራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። እኔን ከወንበሬ ያስነሳኝ ይህ ነው።

ሁለቱን ቀፎዎች አቁሙና በጥግ አጋጥሟቸው፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ሰሜን ይይ። ሳታስሩ ትሪውን አንሱ፤ አንደኛው ወዲያው ይወድቃል፣ ሁለተኛው ይቆያል። አሁን እንደገና አቁሟቸውና በላስቲኩ ጥግ ለጥግ እሰሯቸው። አንሱት። ቅድም የወደቀበትን አልፎ ይሄዳል! ምንም አልተጨመረም እኮ፤ ክብደቱም፣ ውፍረቱም፣ ቁመቱም ያው ነው። የተጨመረው መያያዝ ብቻ ነው። ወደፊት የሚገፋው ግድግዳ በጎኑ ያለውን ወንድሙን ይይዛል፤ ወንድሙ በርዝመቱ አቅጣጫ ስለተገፋ ጉልበቱ ብዙ ነው።

ሌላም አለ። የክብሪቱን መሳቢያ ሙሉ በሙሉ አውጡና ውጭኛውን ባዶ ቀፎ በሁለት ጣት ጠምዝዙት፤ ጥፍልል ይላል። መሳቢያውን መልሱበትና ደግሞ ሞክሩ። እምቢ አለ! ያው ወረቀት፣ ያው ቀፎ። መሳቢያው በህንፃ ውስጥ ወለሉና ጣሪያው ነው። አራት ግድግዳዎች ከላይ የሚያያይዛቸው ከሌለ እያንዳንዱ ለየብቻው ይናወጣል፤ ወለሉና ጣሪያው አጥብቀው ሲይዟቸው ግን አንድ ሣጥን ሆነው ይንቀሳቀሳሉ። እዚህ ላይ ነው ሁሉ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ቦታ ቦታውን የያዘው። ለአሮጌ ግንብ የመጀመሪያው ጥያቄ “ድንጋዩ ምን ያህል ጠንካራ ነው?” አይደለም። “ማን ማንን ይዞታል?” ነው።

ይህ ከገባችሁ ባለሙያዎቹ አሮጌ ግንብ ዘንድ ሄደው የሚያደርጉት ነገር ሁሉ ይገባችኋል። አብረን እንከተላቸው።

መጀመሪያ የሚሄዱት ጥግ ጥጉ ላይ ነው። ሁለት ግድግዳዎች የሚገናኙበትን ቦታ ከታች እስከ ላይ ያያሉ። ድንጋዮቹ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ እየገቡ ተነካክሰዋል? ወይስ ሁለቱ ግድግዳዎች ተጠጋግተው ብቻ ቆመዋል? ለጎንደር ግንቦች ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ ማዕዘኖቻቸው ላይ ክብ ክብ ማማዎች አሉና። ማማው ከግድግዳው ጋር አንድ ላይ እየተነሳ ከተገነባ ጥጉን ያጠነክረዋል። ኋላ መጥቶ የተለጠፈ ከሆነ ግን መሬት ስትናወጥ ለብቻው ይሄዳል።

ቀጥሎ የግድግዳውን ሆድ ያያሉ። ወፍራም የድሮ ግድግዳ ብዙ ጊዜ አንድ ወጥ አይደለም። ፊትና ጀርባው በደንብ የተደረደረ ድንጋይ ነው፤ መሃሉ ግን በድንጋይ ፍርስራሽና በጭቃ ወይም በኖራ የተሞላ ነው። ከፊት እስከ ጀርባ ዘልቀው ሁለቱን ገጾች የሚያያይዙ ረጃጅም ድንጋዮች ካሉ ግድግዳው አንድ ነው። ከሌሉ ግን አንድ ሜትር ውፍረት ያለው የሚመስለው ግድግዳ በእውነቱ ሁለት ቀጫጭን ግድግዳ ነው! ያን ቀላል ስሌታችንን አስታውሱ፤ ውፍረቱ ሲከፈል አቅሙም ይከፈላል። ይህን ለማወቅ ግድግዳውን ማፍረስ አያስፈልግም። በአንድ ወገን በመዶሻ እየመቱ ድምፁ በሌላው ወገን ስንት ጊዜ ወስዶ እንደሚደርስ በመሣሪያ ይለካሉ። ጠጣር ከሆነ ቶሎ ይሻገራል፤ ባዶ ካለበት ይዘገያል።

ከዚያ ማያያዣውን ይነካሉ። ይህን እናንተም ልታደርጉት ትችላላችሁ። በሁለት ድንጋዮች መካከል ያለውን በጥፍራችሁ ፋቁት። እንደ ዱቄት ከረገፈ ኖራው ደክሟል ወይም ዝናብ አጥቦታል። ጥፍራችሁን እምቢ ካለ ገና አለ። ከዚያ ቱንቢ ከአናቱ ያወርዳሉ። ግንበኞቻችን በየቀኑ የሚጠቀሙበት ያው ገመድና ክብደት ነው። ገመዱ ከግድግዳው ከላይ እስከ ታች እኩል ከራቀ ቀጥ ብሏል፤ መሃሉ ላይ ገመዱን ከነካ ሆዱ ወጥቷል፤ አናቱ ወደ ውጭ ከሄደ መገልበጥ ጀምሯል።

አሁን ደግሞ ስንጥቅ ማንበብ። ይህን ስማር ሰው ግድግዳ ማንበብ ይችላል እንዴ ብዬ ነበር! ጥግ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ ከላይ ሰፍቶ ከታች የሚጠብ ስንጥቅ ካያችሁ፣ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ከጎረቤቱ ተላቆ ወደ ውጭ ሊሄድ እየተዘጋጀ ነው። በሁለት መስኮቶች መካከል ኤክስ የሚሠራ ስንጥቅ ደግሞ መንቀጥቀጥ ግድግዳውን በርዝመቱ ወዲያና ወዲህ እንደጎተተው ይነግራል። ከታች ሰፍቶ ከላይ የሚጠብ ከሆነ ጥርጣሬው መሠረቱ ላይ ነው። በቅስት አናት ላይ የተከፈተ ስንጥቅ እግሮቹ እንደተራራቁ ያሳያል።

ግን ስንጥቁ የድሮ ነው ወይስ አሁንም በሕይወት አለ? ዘዴው ቀላል ስለሆነ ያስቃል። ስንጥቁን አቋርጠው ትንሽ የጂፕሰም ማኅተም ይለጥፉና ቀኑን ይጽፉበታል። ጂፕሰም ጥቂት እንኳ አይለጠጥም። ከወራት በኋላ ከተሰነጠቀ ስንጥቁ እየሄደ ነው፤ ደህና ከሆነ አርፏል። ለእኛ ሰፈር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የፎገራ ሜዳ ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ዋልካ ላይ ያለ ቤት ስንጥቁ በበጋ ተከፍቶ በክረምት ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሳይከታተሉ ፍርድ መስጠት አይገባም።

መሣሪያ ያላቸው ደግሞ ከዚህ አልፈው ይሄዳሉ። ግንብ ቆሞ ዝም ያለ ይመስላችኋል? አይደለም! ነፋስ ሲነፍስ፣ መኪና ሲያልፍ፣ ዓይን በማያየው መጠን ይወዛወዛል፤ እያንዳንዱም የራሱ ምት አለው። ግድግዳው ላይ በሚቀመጥ፣ ጥቂት ንዝረት እንኳ በማያመልጠው መሣሪያ ያንን ምት ይመዘግባሉ። ከዓመታት በኋላ ሲለኩት ምቱ ከዘገየ ውስጡ የላላ ነገር አለ ማለት ነው።

ሌላው ዘዴ ደግሞ አፌን አስከፍቶኛል። ግድግዳው ውስጥ ያለውን ጫና እንዴት ትለካላችሁ? በሁለት ድንጋይ ረድፎች መካከል ያለውን ኖራ በአግድም በቀጭኑ ይቆርጡታል። ከመቁረጣቸው በፊት ከተቆረጠው በላይና በታች ሁለት ነጥብ ምልክት አድርገው ርቀቱን ለክተዋል። ሲቆረጥ ከላይ ያለው ክብደት ክፍተቱን ትንሽ ይጫነዋል፤ ነጥቦቹ ይቀራረባሉ። አሁን ስስ የብረት ከረጢት ያስገቡና በዘይት ይነፉታል፤ ነጥቦቹ ወደ ድሮ ርቀታቸው እስኪመለሱ ድረስ። በዚያ ቅጽበት ከረጢቱ የያዘው ግፊት፣ ኖራው ተሸክሞት የነበረው ጫና ነው! ንባቡን ይጽፋሉ፣ ከረጢቱን ያወጣሉ፣ ክፍተቱን በኖራ ይደፍኑታል። ግንቡ ምንም እንዳልተነካ ይቀራል።

ስለ መሬቱ ሳልነግራችሁ ብተው ግን ጎዶሎ ይሆናል። መንቀጥቀጥ ከአለት ወጥቶ ለስላሳ አፈር ውስጥ ሲገባ ይጎላል። በ1985 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ሲቲን ያፈረሰው መንቀጥቀጥ የተነሳው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ ነበር። ከተማዋ ግን የጥንት ሐይቅ ወለል ላይ ስለተሠራች ለስላሳው ጭቃ ንዝረቱን አጎላው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። የሚገርመው ነገር፣ ይበልጥ የወደቁት ከስድስት እስከ አስራ አምስት ፎቅ ያላቸው ዘመናዊ ህንፃዎች ነበሩ። ብዙዎቹ ዝቅተኛ የድሮ የድንጋይ ቤቶች ቆመው ቀሩ። የጭቃው ዝግታ ያለው ምትና የረጃጅሞቹ ህንፃዎች ምት ገጠመ፤ አጭሩና ግትሩ ህንፃ ግን ምቱ ፈጣን ስለሆነ አልገጠመለትም። ስለዚህ “አፈሩ ምንድን ነው?” ብቻ አይበቃም፤ “አፈሩና ህንፃው ይገጥማሉ ወይ?” ተብሎ ይጠየቃል። የፎገራ ሜዳም ርብና ጉማራ ወንዞች ተሸክመው ባመጡት ደለል የተሠራ ነው። ወረታ ሜዳው ላይ ያለ ቤትና ጉዛራ ኮረብታው ላይ ያለ ግንብ፣ መንቀጥቀጡ አንድ ቢሆንም የሚደርስባቸው አንድ አይደለም። ኮረብታ ላይ መሆንም ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ ጉብታ አናት ላይ ንቅናቄ የሚጎላበት ጊዜ አለ።

እሺ፣ ግምገማው “ደካማ ነው” ቢልስ? ብዙዎቻችን የምናስበው መድኃኒት ሲሚንቶ ነው። ይህ ግን ራሱ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ሲሚንቶ ከኖራ ይልቅ ግትር ነው፣ እርጥበትም በቀላሉ አያሳልፍም። ውሃው ድንጋዩ ውስጥ ይታገትና ድንጋዩን ይበላዋል። በፋሲል ግቢ በጣሊያን ዘመን በሲሚንቶ የተጠገኑ ክፍሎች ኋላ ላይ ወደ ኖራ እንዲመለሱ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ግቢው በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እያንዳንዱ ጥገና ስሌት ያስፈልገዋል።

ከሲሚንቶ የሚብሰው ደግሞ አናት ላይ ክብደት መጨመር ነው። ክብደት ራሱ ገፊ መሆኑን አይተናል። ጣሊያን ውስጥ የድሮ የእንጨት ጣሪያ ነቅለው ከባድ የኮንክሪት ጣሪያ የጫኑባቸው ቤቶች በ1997 እ.ኤ.አ. የኡምብሪያ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ደካማ ግድግዳቸው ከሥር ተናደ። በዚያው ዓመት መስከረም 26 ቀን እ.ኤ.አ. በአሲሲ ከተማ የቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ቅስት ወድቆ አራት ሰዎች ገደለ። ሌሊት የደረሰውን ጉዳት ሊያዩ የገቡ ነበሩ። ቅስቱ ላይ በዘመናት የተከማቸ ፍርስራሽ ነበር፤ ማንም የማይቆጥረው ክብደት።

ጥሩው መድኃኒት ብዙ ጊዜ ቀላሉ ነው። ግድግዳን ከግድግዳ የሚያያይዝ ቀጭን ብረት ከዳር እስከ ዳር ማሳለፍ፣ የእንጨቱን ወለል ወራጆች ከግድግዳው ጋር ማሰር፣ የረገፈውን ኖራ በኖራ መሙላት፣ ጣሪያው እንዳያፈስ ማድረግ። ላስቲኩና መሳቢያው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የቤተ መንግሥት ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። በየገጠሩ በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ በየከተማው የድሮ ሱቆች አሉ። የሱቅ ረድፍ አንድ የራሱ ችግር አለው። ፊቱ ሁሉ በር ነው። የኋላና የመካከል ግድግዳ አለው፣ በመንገዱ በኩል ግን የሚይዘው ግድግዳ የለም ማለት ይቻላል። ባለሙያ በሁለቱም አቅጣጫ የግድግዳውን ስፋት ለይቶ ለወለሉ ስፋት ያካፍላል፤ በአንዱ አቅጣጫ ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ህንፃው ወደዚያ ወገን ደካማ ነው። ይህን ስሌት የስድስተኛ ክፍል ተማሪም ይሠራዋል!

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አሮጌ ግንብ ስታዩ ከአናቱ በፊት ጥጉን እዩ። ግድግዳዎቹ ተነካክሰዋል? ጣሪያውና ወለሉ ይዘዋቸዋል? ስንጥቁ ከላይ ሰፍቶ ነው ከታች? ውፍረቱን ለቁመቱ ስታካፍሉት ስንት ይመጣል? በሰፈራችሁ ቤተ ክርስቲያን ወይም በድሮ ግንብ ላይ አዲስ ስንጥቅ ካያችሁ ቀኑን ጽፋችሁ ፎቶ አንሱት፤ ለደብሩ አስተዳዳሪ፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። ሲሚንቶ አትለጥፉበት፣ አናቱ ላይ ኮንክሪት አታስጭኑበት። መንቀጥቀጥ በቀጠሮ አይመጣም፤ ጥጉን ማሰር ግን በእጃችን ነው።